አስር ወር ተጠብቆ የወደቀው አፕግሬድ

አዲስ ቨርሽን መቼ ወደ ፕሮዳክሽን፣ ማለትም ተጠቃሚው ወደሚገለገልበት ሥርዓት፣ ይግባ? ሰርቨር ነክቶ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም። አብዛኛው መልስ ደግሞ ቀን ቆጠራ ነው። «የመጀመሪያዎቹ ፓቾች ይውጡ» ይላል አንዱ፤ ፓች ስህተት የሚያርም ትንሽ ማስተካከያ ነው። «ሌላው ይሞክረውና እናያለን» ይላል ሌላው። «ግማሽ ዓመት ይቆይ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» የሚልም አለ። እነዚህ ሰዎች አልተሳሳቱም። የአዲስ ሶፍትዌር ጉድ የሚወጣው ሰው ሲጠቀምበት ነው። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይቀምሰዋል።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ግን ይህን ሁሉ ጠብቆም ያልዳነ ነው። ትልቅ ድርጅት ነው፣ ጎበዝ ኢንጂነሮች አሉት፣ ባካፕ ነበረው፣ አልቸኮለም። ሆኖም በአንድ አፕግሬድ ምክንያት ድረ ገጹ ከአምስት ሰዓት በላይ ጠፋ። ድርጅቱ ሬዲት ነው። ኢንጂነሮቹ የሆነውን ሳይሸፋፍኑ ለሕዝብ አውጥተውታል፤ ስለዚህ የምናወራው ከመሬት ተነስተን አይደለም። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

የሚቀየረው ምን ነበር?

ሬዲት በ2005 የተመሠረተ ግዙፍ የውይይት መድረክ ነው። ፕሮግራሞቹ የሚሮጡት ኩበርኔቲስ በሚባል ሶፍትዌር ላይ ነው። ለማያውቀው ባጭሩ፦ ኩበርኔቲስ ብዙ ሰርቨሮችን እንደ አንድ አድርጎ ያስተዳድራል። የትኛው ፕሮግራም የትኛው ሰርቨር ላይ ይሩጥ፣ የወደቀውን ማን ያንሳው፣ ሥራ ሲበዛ ስንት ቅጂ ይጨመር የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር ኖድ ይባላል። ከኖዶቹ ጥቂቶቹ አዛዦች ናቸው፤ ኮንትሮል ፕሌን የሚባሉት እነሱ ናቸው። ሌሎቹ የታዘዙትን ያሮጣሉ። ሁሉም ተደምረው ክላስተር ይሆናሉ።

ኩበርኔቲስ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያድገው። በዓመት 3 ጊዜ ያህል አዲስ ቨርሽን ይወጣል። አንድ ቨርሽን ፓች የሚያገኘው ለ14 ወር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የደህንነት ቀዳዳ ቢገኝበት ከፕሮጀክቱ በኩል የሚደፍንለት የለም። መዝለልም አይቻልም፤ ከ1.23 ወደ 1.25 መሄድ የፈለገ በ1.24 ማለፍ አለበት። ስለዚህ «አልነካውም፣ እየሠራ ነው» ብሎ የተቀመጠ ሰው ባለበት አይቆምም። በየአራት ወሩ አንድ አፕግሬድ ዕዳው ላይ ይጨመርበታል።

አሁን ቀኖቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። 1.23 የወጣው በዲሴምበር 2021 ነው። 1.24 ሜይ 3 ቀን 2022 ወጣ። የ1.23 ድጋፍ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2023 አበቃ። ሬዲት ከአሮጌዎቹ ክላስተሮቹ አንዱን ከ1.23 ወደ 1.24 ለማሻገር የተነሳው ማርች 14 ቀን 2023 ነው።

1.24 ከወጣ አስር ወር አልፎት ነበር ማለት ነው። በመሃል 1.25 እና 1.26 ወጥተዋል። 1.24 ራሱም ፓች በፓች ሆኗል። ሌላው ዓለም ሞክሮታል፣ ጉዱን አውጥቶለታል፣ ተስተካክሏል። በሌላ በኩል የአሮጌው ድጋፍ ካበቃ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። በቀን ቆጠራ ከሄድን ቀኑ ልክ ነበር። እንዲያውም ትንሽ ዘገየ የሚል ቢኖር አልከራከረውም።

የዚያን ቀን

ሥራው የተጀመረው በዓለም አቀፉ ሰዓት 19:00 ላይ ነው። በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ፣ የሬዲት ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት፣ እኩለ ቀን ነው። ይህን ያህል ከባድ ሥራ ለምን በጠራራ ፀሐይ የሚል ይኖራል። እኔ በዚህ ከሬዲት ጎን ነኝ። ሌሊት ትራፊኩ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን ነገር ሲበላሽ የሚያስፈልጉት ሰዎችም ተኝተዋል፤ የነቁትም ደክመዋል። ለዓለም ሁሉ ለሚሠራ ድረ ገጽ ደግሞ ሌሊት የሚባል ነገር የለም።

ድረ ገጹ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። እየተንገዳገደ አይደለም፤ በአንዴ ነው የወደቀው።

እንዲህ ያለ አወዳደቅ መርማሪን ያደናግራል። ክላስተር ውስጥ ኖዶች እርስ በእርስ መነጋገር ሲያቅታቸው ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ የታመመ ይመስላል። ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስ አይመልስም። የኮንትሮል ፕሌኑ ኤፒአይ፣ ማለትም ትዕዛዝ የሚቀበልበት በር፣ ይንቀራፈፋል፤ ምክንያቱም አንዳንድ ጥያቄዎችን ከማጽደቁ በፊት ሌላ ኖድ ላይ የሚሮጡ ፕሮግራሞችን ይጠይቃል፣ እነሱ ደግሞ አይደረስባቸውም። የሥርዓቱን ጤና የሚያሳየው ዳሽቦርድም እዚያው ክላስተር ውስጥ ከሆነ እሱም ይታወራል። ተጠርጣሪው ይበዛል፣ ማስረጃው ያንሳል። አንዱን ተጠርጣሪ ነፃ ለማውጣት ደቂቃዎች ይሄዳሉ፣ ተጠቃሚው ደግሞ ባዶ ገጽ እያየ ነው።

በዚህ ጊዜ የማንኛውም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ «መልሰው!» ነው። ወደ 1.23 መልሰውና ይለቅ። ችግሩ ኩበርኔቲስ ወደ ኋላ የሚመለስ መንገድ የለውም። አፕግሬድ ሲደረግ የተከማቸው ዳታ ቅርጹ ይለወጣል፤ ለውጡን የሚቀለብስ የተደገፈ አሠራር የለም። ወደ ኋላ መሄድ ማለት ኮንትሮል ፕሌኑን አፍርሶ ከባካፕ እንደገና መገንባት ማለት ነው።

ሬዲት ባካፕ ነበረው። ከባካፕ የሚነሳበት የተጻፈ አሠራርም ነበረው። ጽሑፉ ግን አርጅቷል። የተጻፈው ድጋፉ ላበቃ የኩበርኔቲስ ቨርሽን ነው። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሞችን የሚያሮጠው ሶፍትዌር ከዶከር ወደ ሲአርአይ-ኦ ተቀይሯል፤ መመሪያው ግን ዶከር አለ ብሎ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ድረ ገጹ ወድቆ ባለበት፣ ሰው ሁሉ እየጠበቀ፣ መመሪያውን እያረሙ መሥራት ግድ ሆነ። ይህን ሥራ ከጸጥተኛ ማክሰኞ ከሰዓት ወደ ቀውስ መሃል የሚያዛውር ድርጅት ሬዲት ብቻ አይደለም። የባካፕ መመሪያ በየድርጅቱ አንድ ጊዜ ይጻፋል፣ ይመሰገናል፣ ይረሳል።

በመጨረሻ ክላስተሩ ተነሳ። ድረ ገጹ የጠፋው ለ314 ደቂቃ ነው፤ 5 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። ማርች 14 በአሜሪካኖች አጻጻፍ 3/14 ስለሆነ፣ 3.14 ብሎ በሚጀምረው የሒሳብ ቁጥር ስም የፓይ ቀን ይባላል። ደቂቃው ራሱ 314 መሆኑ አጋጣሚ ነው፣ ግን ማንም ሳይቀልድበት አላለፈም።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ድረ ገጹ ሲመለስ ለምን እንደወደቀ ገና አልታወቀም ነበር። ምክንያቱ የተገኘው በኋላ፣ ጉዳዩ ሲመረመር ነው።

አንድ ምልክት

ኩበርኔቲስ ኖዶችን በሌብል ይለያል። ሌብል ማለት ኖዱ ላይ የሚለጠፍ አጭር ምልክት ነው። ለረጅም ጊዜ የኮንትሮል ፕሌን ኖዶች «ማስተር» የሚል ቃል ያለበት ሌብል ነበራቸው። ፕሮጀክቱ ይህን ቃል ሊተው ወሰነ። በ1.20፣ ማለትም በዲሴምበር 2020፣ «ኮንትሮል ፕሌን» የሚል አዲስ ሌብል መጣ፤ አሮጌው እንደሚነሳም ተነገረ። ሁለቱ ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ኖሩ። በ1.24 አሮጌው ተነሳ። ከአዲስ ክላስተሮች ብቻ አይደለም፤ እየሮጡ ካሉትም፣ በአፕግሬዱ ጊዜ ይፋቃል።

አፋፋቁም ልብ ይባል። ኩብአድም የሚባለው የአፕግሬድ መሣሪያ ይህን የሚያደርገው ኖድ በኖድ አይደለም። በመጀመሪያው ኮንትሮል ፕሌን ኖድ ላይ ትዕዛዙ ሲሮጥ ምልክቱን ከሁሉም ላይ ያነሳል። «አንድ ኖድ እንቀይር፣ እንይ፣ ከዚያ ቀጣዩን» የሚለው ጥንቃቄ እዚህ ጋ አያድንም። ለውጡ የኖድ ሳይሆን የክላስተር ነው።

እሺ፣ ምልክት ቢነሳ ምን ይሆናል? ምንም፤ ምልክቱን የሚጠብቅ ነገር ከሌለ። ሬዲት ዘንድ ግን ነበረ።

ክላስተሩ ለኔትወርኩ የሚጠቀመው ካሊኮን ነው። ካሊኮ ኖዶች አንዱ ወደ ሌላው የሚደርስበትን መንገድ ቢጂፒ በሚባል የኔትወርክ ቋንቋ እንዲነጋገሩ ያደርጋል። በነባሪው አሠራር ሁሉም ኖድ ከሁሉም ኖድ ጋር በቀጥታ ይነጋገራል። ለትንሽ ክላስተር ይህ ምንም አይደለም። ኖዱ 100 ሲደርስ ግን ግንኙነቱ 4,950 ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ በፍጥነት ይፈነዳል። ስለዚህ ትልልቅ ክላስተሮች ሩት ሪፍሌክተር የሚባሉ ጥቂት ኖዶችን መሃል ላይ ያስቀምጣሉ። ሌላው ሁሉ ከእነሱ ጋር ብቻ ያወራል፤ እነሱ ለሁሉም ያዳርሳሉ። ከ100ው ኖድ 3ቱ ሪፍሌክተር ቢሆኑ 4,950 የነበረው ወደ 294 ይወርዳል። ጥሩ ዘዴ ነው። ዋጋው ግን እነዚያ ጥቂቶች ከጠፉ ሁሉም መስማት አለመቻሉ ነው።

ሬዲት ዘንድ ሪፍሌክተር የሆኑት የኮንትሮል ፕሌን ኖዶቹ ነበሩ። ካሊኮ «ሪፍሌክተሮቼ የትኞቹ ናቸው?» ብሎ የሚለያቸው በምን ነበር? በዚያ «ማስተር» በሚለው ሌብል። ሌብሉ ተፋቀ፣ የሚመረጥ ሪፍሌክተር ጠፋ፣ የመንገዱ መረጃ ተቋረጠ፣ ኖዶች ተለያዩ። ሶፍትዌሩ ላይ ስህተት አልነበረም። ኩበርኔቲስ አደርጋለሁ ያለውን አደረገ። ካሊኮም የታዘዘውን ፈለገ፣ አጣ።

ማን ነበር ይህን የሚያውቅ?

ሪፍሌክተሮቹን ያዋቀሩት ከዓመታት በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው። ጊዜ አለፈ፤ የሚያውቁት ሰዎች ወይ ሌላ ክፍል ሄዱ ወይ ከድርጅቱ ወጡ። ሪፍሌክተር የሚጠቀሙት የቀሩት ትልልቆቹና አሮጌዎቹ ክላስተሮች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ይህን አፕግሬድ አንድ ሰው ትንሽ ወይም አዲስ ክላስተር ላይ መቶ ጊዜ ቢሞክረው ይሳካለታል። የሚሰበረው ነገር እዚያ የለማ!

የሪፍሌክተሮቹ ኮንፊገሬሽን (አወቃቀራቸው) ደግሞ ኮድ ውስጥ የትም አልተቀመጠም። የካሊኮ የዚህ ክፍል አሠራር እንደሌላው በኮድ በቀላሉ የሚያዝ አልነበረም። መረጃው በካሊኮ የራሱ ትዕዛዝ ይወርዳል፣ በእጅ ይታረማል፣ ተመልሶ ይጫናል። ይህን የሚያቃልል መሣሪያ መሥራት ይቻል ነበር፤ አልተሠራም። ስለዚህ ኢንጂነሩ ኮዱ ውስጥ «ማስተር» የሚለውን ቃል ቢፈልግ እንኳ ይቺን አያገኛትም። በምርመራው ጊዜ አንድ ኢንጂነር «ይህን ነገር እኮ እንጠቀም ነበር» ብሎ አስታውሶ ነው ክሩ የተያዘው። ያ ሰው ባያስታውስ ኖሮ፣ በሚቀጥለው ሙከራ እንደገና ይወድቁ ነበር ብዬ አስባለሁ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። እዚህ ግን የሮጠ አልነበረም። ትጥቁ የተፈታው የታጠቀው ሰው ከሄደ በኋላ ነው።

ታዲያ መቼ ነበር ትክክለኛው ጊዜ?

ወደ መነሻው ጥያቄ ስመለስ የማየው ይህን ነው። መጠበቅ ያበሰለው 1.24ን ነው። ሬዲት ስለ ራሱ ክላስተር ያለውን ዕውቀት አላበሰለውም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው የሠራው፤ ሶፍትዌሩ በበሰለ ቁጥር የሚያስታውሱት ሰዎች እየሳሱ ሄዱ። አፕግሬዱ 1.24 በወጣ በሳምንቱ ቢደረግም ውጤቱ ያው ነበር። ከዓመት በኋላ ቢደረግም ያው። በቀን መቁጠሪያው ላይ ይህን ስብራት የሚያስቀር ቀን አልነበረም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። 1.24 ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ዶከርሺም ነበር። ኩበርኔቲስ ከዶከር ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት ክፍል በዚያ ቨርሽን ተነሳ፤ ብዙ ሰው ደነገጠ፣ ብዙ ተጻፈ። ሬዲት ግን ወደ ሲአርአይ-ኦ ተሻግሮ ስለነበር ያ ፈተና አያሰጋውም። የሌብሉ ነገርም ተደብቆ አይደለም፤ ከአፕግሬድ በፊት እንዲነበቡ ከተለዩት ማሳሰቢያዎች ውስጥ ተጽፏል። ግን አስቡት፤ «ይህ ሌብል ይነሳል» የሚለውን መስመር ያነበበ ኢንጂነር ምን ያደርጋል? ኮዱ ውስጥ ይፈልጋል፣ የሚያገኘውን ያርማል፣ ያልፋል። ማንበብ ብቻውን የሚበቃው የክላስተሩ ሁኔታ ሁሉ የሚነበብ ቦታ ላይ ሲኖር ነው።

ስለዚህ እኔ ቀኑን የምወስነው ሁለት ነገር አይቼ ነው። አንደኛው፣ ኮድ ውስጥ ያለውንና ክላስተሩ ላይ በእውነት የሚሮጠውን አስተያይቶ ልዩነቱን ማየት። በእጅ የገባ ነገር ሁሉ እዚያ ይወጣል። ኮዱን ሳይሆን የሚሮጠውን ክላስተር ጠይቆ፣ የኔትወርኩን ክፍል ጨምሮ፣ የሚነሳውን ስም መፈለግ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ይህንን ስብራት ቀድሞ ሊያሳይ የሚችለው እሱ ነበር። ሁለተኛው፣ ከባካፕ መነሳትን አሁን ባለው ቨርሽን፣ አሁን ባለው ሶፍትዌር መለማመድ። ይህ ስብራቱን አያስቀረውም፤ ከ314 ደቂቃው ላይ ግን ብዙ ይቀንስ ነበር። ወደ ኋላ መመለሻ የሌለው ሶፍትዌር ላይ የአፕግሬዱ ቀን የሚቆረጠው ከልምምዱ በኋላ ነው፣ ከዚያ በፊት ቀን መቁረጥ ምኞት ነው።

«እንግዲያው እስኪጣራ ድረስ እንተወው» የሚል ካለ ደግሞ ሌላኛውን ገደል ይመልከት። በማርች 7 ቀን 2017 አፓቺ ስትረትስ የሚባለው ሶፍትዌር ለአንድ አደገኛ ቀዳዳ ፓች ወጣለት። ኢኩዊፋክስ የተባለው የብድር መረጃ ድርጅት አንዱ ሥርዓቱ ላይ ሳያስገባው ቀረ። በሜይ አጋማሽ አጥቂዎች በዚያው ቀዳዳ ገቡ፤ እስከ ጁላይ መጨረሻ አልታወቀባቸውም። 147 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃቸው ተወሰደ። እዚያ ሁለት ወር መጠበቅ ጥንቃቄ አልነበረም።

ሁለቱ ጉዳዮች ግን አይጋጩም፤ ሰዓታቸው የተለያየ ነው። በአንድ ቨርሽን ውስጥ የሚወጣ ፓች ቀዳዳ ይደፍናል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው ነገር የለም። በቀናት ውስጥ መግባት አለበት። ከ1.23 ወደ 1.24 መሻገር ግን ነገር ይጨምራል፣ ነገር ያነሳል። ይህ ምርመራና ልምምድ ይፈልጋል፤ የሚለካውም በሳምንታት ነው። ብዙ ቦታ የማየው ግን ሁለቱን «አፕግሬድ» በሚል አንድ ስም ጠርቶ አብሮ ማዘግየት ነው። ፓቹ ይዘገያል፣ የቨርሽኑ ለውጥ ደግሞ ድጋፉ ሲያበቃ በጥድፊያ ይመጣል። ዝግጅቱ ሊጀመር የሚገባው ድጋፉ ሊያበቃ ግማሽ ዓመት ሲቀረው ነው፤ ያኔ በእጅ የገባ ነገር ቢገኝ እንኳ ለማስተካከል ጊዜ አለ።

የዚህ ስም ጉዳይ ደግሞ በ1.24 አላበቃም። ሌብሉ ተነሳ እንጂ በዚያው «ማስተር» በሚል ስም የሚጠራ ሌላ ምልክት ኮንትሮል ፕሌን ኖዶቹ ላይ ቀርቷል። ቴይንት ይባላል፤ ተራ ፕሮግራሞች እነዚያ ኖዶች ላይ እንዳይመደቡ ይከለክላል። የተነሳው በ1.25 ነው፤ 1.25 ደግሞ ሬዲት በወደቀበት ዕለት ከወጣ ግማሽ ዓመት አልፎት ነበር። በዚያ ቴይንት ኖድ የሚለይ ስክሪፕት ያለው ሰው ተራው ወደ 1.25 ሲሻገር ነው።